የቶር ብራውዘርን የደኅንነት ደረጃ ከፍ ያድርጉ
ማንነትን ደብቆ ኢንተርኔት ለመጠቀም የሚያገለግለው ቶር ብራውዘር ሲጫን የደኅንነት ደረጃው ዝቅተኛው ላይ ስለሚሆን፣ ከአድራሻ መጻፊያው አጠገብ ያለውን የጋሻ ምልክት ተጭነው ወደ ቅንብሮች በመግባት ቢያንስ ወደ መካከለኛው ከፍ እንዲያደርጉት እመክራለሁ። ይህ ደረጃ ኤችቲቲፒኤስ (ግንኙነትን የሚያመሰጥር ዘዴ) በማይጠቀሙ ድረ ገጾች ላይ ጃቫስክሪፕትን (ገጾች በብራውዘሩ ውስጥ የሚያስኬዱትን የፕሮግራም ኮድ) ይዘጋል፤ ድምፅና ቪዲዮም እርስዎ ካልነኳቸው አይከፈቱም። ከፍተኛው ደረጃ ጃቫስክሪፕትን በሁሉም ገጾች ላይ ስለሚያጠፋ ብዙዎቹ በትክክል አይሠሩም፤ እኔም የማላምነውን ገጽ ስከፍት ካልሆነ በቀር አልጠቀምበትም። ደረጃውን ከቀየሩ በኋላ ብራውዘሩን ዘግተው እንደገና ይክፈቱት። ማሻሻያ ሲመጣም አያዘግዩት፤ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2013 በቶር ተጠቃሚዎች ላይ የተሰነዘረው የጃቫስክሪፕት ጥቃት የተጠቀመበት ቀዳዳ ከአንድ ወር በፊት ተደፍኖ ስለነበር፣ የተጋለጡት ማሻሻያውን ያልጫኑ የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ነበሩ።