የበርማ ቤተ መንግሥት ሐር እጃችሁ ሲገባ እንዳታበላሹት

ባለፈው ወር አንዲት እህት በፌስታል ይዛ የመጣችውን ልብስ ጠረጴዛዬ ላይ ስዘረጋው መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ዚፑ ላይ ነው። የበርማ ታመይን ነበር፤ የቤተ መንግሥት ሴቶች ከወገብ በታች ይለብሱት የነበረው ዓይነት፣ ሐሩ በማዕበል ጥለት የተሸመነ። ባሏ ከአያቱ የወረሰው ነው። ለሠርግ ልትለብሰው ፈልጋ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰደችው። ሰፊውም መሬት የሚጎተተውን ጨርቅ «ትርፍ ነው» ብሎ ቆርጦ፣ ፊቱን ገጥሞ፣ ጎኑ ላይ ዚፕ ተክሎ ጉርድ ቀሚስ አድርጎ መለሰላት። እጄን ጨርቁ ላይ እንዳደረግኩ ብዙ ዝም አልኩ። በጨርቅ ጥገና ሥራዬ ታመይን እንዲህ ሆኖ ሲመጣልኝ ይህ አራተኛው ነው። አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

በኮንባውንግ ነገሥታት ዘመን፣ ከ1752 እስከ 1885 እ.ኤ.አ.፣ የመኳንንቱ ሴቶች ታመይን በርማውያን ዛሬ ከወገብ በታች እንደሚያገለድሙት ሎንጂ ዙሪያው የተሰፋ አልነበረም። ፊት ለፊቱ ክፍት ነው፤ ወገብ ላይ ተጠምጥሞ ጫፉ ይሸጎጣል፣ ሲራመዱ ይከፈታል፣ ከኋላ መሬት ላይ ይጎተታል። ሦስት ክፍል አለው፦ ከላይ ጥጥ፣ መሐሉ ያ ባለ ማዕበል ሐር፣ ከታች ደግሞ የሚጎተተው ሐር። ስለዚህ ክፍት ሆኖ ሲመጣላችሁ ስፌቱ የተተረተረ መስሏችሁ አትስፉት። ታችኛውን ክፍል በቁመታችሁ ልክ አታሳጥሩት። ልብሱን የቤተ መንግሥት ልብስ ያደረገው እኮ ያ የሚጎተተው ነው! እርሻ የምትወርድ ሴት እንዲህ አትለብስም። የቆረጣችሁት ቀን የለባሿን ማንነት አብራችሁ ቆረጣችሁ። መልበስ ካማራችሁ በርማ ውስጥ አማራፑራ በምትባል ከተማ ዛሬም ይሸመናል፤ አዲስ ግዙና እንደፈለጋችሁ አሰፉት።

ከላይ ያለው ጥቁር ጥጥም «ርካሽ ቅጥያ» አይደለም። ሐር ያንሸራትታል፤ ወገብ ላይ ጠብቆ የሚይዘው ጥጡ ነው። ፈትታችሁ አትጣሉት።

ሌላው፣ ሰዎች ፊቱን ብቻ አይተው መፍረዳቸው ነው። ጥለቱ ሉንታያ አቸይክ ይባላል። ሉን መወርወሪያ፣ ታያ መቶ ማለት ነው፤ ባለ መቶ መወርወሪያ እንደማለት። አሠራሩ ከእኛ ጥበብ የተለየ ነው። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ካያችሁ፣ የመደቡ ማግ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል፣ የጥለቱ ክር በላዩ ይጨመራል። የጥለቱ ክር ቢመዘዝ ሸማው ይተርፋል። አቸይክ ላይ ግን ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ማግ የለም። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ መወርወሪያ አለው፤ ድንበሩ ጋ ሲደርስ ከጎረቤቱ ቀለም ጋር ተቆላልፎ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሁለት ሸማኔዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ከቀን ወደ ቀን በጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው የሚገፉት። ቀለሙ ራሱ ጨርቁ ነውና አንዱን ብትመዙት የሚቀራችሁ ባዶ ድር ነው። እና ጀርባውን ገልብጡት። የቀለሞቹ መጋጠሚያ በጣት ይታወቃል። የታተመ ከሆነ ጀርባው ፈዝዞ ታገኙታላችሁ። የላላ ክር ስታዩ ደግሞ መቀስ አታንሱ፤ አንዷ ክር ስትቆረጥ የማዕበሉ ጫፍ መላላት ይጀምራል።

መወርወሪያው መቶ ካልሞላ ሐሰተኛ ነው የሚሉም አሉ። ቁጥሩ እንደ ጥለቱና እንደ ስፋቱ ይለያያል።

ቀለሙ ስለደመቀ ብቻ «አዲስ ነው» ማለትም ስህተት ነው። የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ቀለም እንግሊዝ አገር የተገኘው በ1856 ነው፤ በቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት እስያ ድረስ ተሸጧል። በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የተሸመነ የሚያበራ ሮዝ ልታገኙ ትችላላችሁ።

በርማ ካለው ከኢንሌ ሐይቅ የሚመጣው የሎተስ ክር ጨርቅ ሐር አይደለም፤ አታምታቱት።

ሻጩ «ከንግሥቲቱ ጓዳ የወጣ» ሲላችሁ ቀስ በሉ። እንግሊዞች በኅዳር 1885 የነገሥታቱ መቀመጫ ማንዳላይ ገብተው ንጉሥ ቲባውንና ንግሥት ሱፓያላትን ወደ ሕንድ፣ ራትናጊሪ አጋዟቸው። ማን ምን መልበስ እንዳለበት የሚደነግገው የቤተ መንግሥት ሕግ አብሮ ቀረና ገንዘብ ያለው ሁሉ አቸይክ ማሠራት ቻለ። ገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ከዚያ ወዲህ ያለ ነው፤ ዋጋው የሸማኔው እጅ እንጂ የንግሥቲቱ ስም መሆን የለበትም። ይህ ታሪክ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ የቴዎድሮስ ባለቤት ቀሚስ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ከማንዳላይ የተወሰደው የንግሥና ዕቃም እዚያው ሙዚየም ኖሮ በ1964 ወደ በርማ ተመልሷል። ስለዚህ ከልብሱ ጋር የመጣ ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ የተቀደደ ደረሰኝ ሳይቀር አስቀምጡ። አንድ ቀን ልብሱ ከየት እንደመጣ የሚመሰክረው እሱ ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ታመይን ላይ የሻይ ጠብታ አየሁና ቀለሙን ሳልፈትን በንጹሕ ውሃ ነካሁት። ቀዩ እንደ ደም ወደ ነጩ ሮጠ። ያንን ቀይ ጥላ እስከ ዛሬ ማንም አላስለቀቀውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጭ ጥጥ አርጥቤ የማይታይ ጫፍ ላይ ሳላስነካ፣ ጥጡንም ደጋግሜ ሳላይ ውሃ አላስጠጋም። እናንተ ቤት ውስጥ ጭራሽ አትጠቡት፤ ላውንደሪም አትስጡት። በብር የተጠቀለለ ክር ቢጠቁርም አትፈትጉት።

ካውያ ነገርስ? ታይንማቴይን የሚባለው የሴቶች እጀ ጠባብ ኮት ስሙ «ስትቀመጥ የማይሰበሰብ» ማለት ነው፤ ዳሌው ላይ ያለው ጫፍ እንደ ክንፍ ደርቆ ወደ ላይ ይታጠፋል። ተጨማዷል ብሎ በካውያ ጠፍጥፎ ያመጣልኝ ሰው አለ። ክንፉን መልሼ ለማንሣት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም።

መስቀያ ላይ አታንጠልጥሉ፤ አጥፋችሁም አታኑሩ፣ አሮጌ ሐር እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ወፍራም የካርቶን ቱቦ ላይ አሲድ የሌለው ወረቀት አልብሳችሁ ጠቅልሉት፤ ከፀሐይ አርቁት።

መጀመሪያ ያወራሁላችሁን ታመይን ዚፑን በአንድ ቀን ፈታሁት። የመርፌው ቀዳዳዎች ሐሩ ላይ ተሰልፈው ይታያሉ። ልብሱን ያመጣችውንም እህት «ሰፊው ጋ ተመለሽና ቁራጩን ጠይቂው» ብዬ ላክኋት። የቅዳጅ ከረጢቱን ዘርግፈው ሲፈልጉ ከሚጎተተው ክፍል ክንድ ከስንዝር የሚያህል ተገኘ። ከዋናው ልብስ ጋር አልሰፋሁትም፤ ሌላ ቀዳዳ አልጨምርበትም። አንድ ቱቦ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።