ጅማ ላይ በቪላዎች መሐል የቀረች አሮጌ ቤት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ጅሬን አቀበት ላይም ሆነ ፈረንጅ አራዳ ዙሪያ፣ ፎቅ ቤቶች በተሰለፉበት መንገድ ላይ አንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ቀርታ ትገኛለች። ደላላው «ቤቱን ተወው፣ የምትገዛው ቦታውን ነው» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ የእንዲህ ያለች ቤት በሽታ ብዙ ጊዜ የራሷ አለመሆኑ ነው። ከጎረቤት ጣሪያ፣ ከፍ ብሎ ከተሠራው መንገድ ወይም ከይዞታ ካርታው ይመጣል። ስለዚህ ምርመራው ከአጥር ውጭ ይጀምርና ወደ ውስጥ ይገባል። ሳሎን ቆሞ ቀለም ማየት የመጨረሻው ሥራ ነው።

ቤቱን ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ማየት የሚችል ሰው ሌላ ጊዜ አይሂድ። ጅማ በዓመት በአማካይ 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ በጥር የታየ ቤት ሁሉ ደረቅ ነው። በበጋ ከመሄድ ሌላ ምርጫ ከሌለ ዝናቡ የተወውን መስመር ይፈልጉ፦ ግድግዳ ላይ የደረቀ የጭቃ ፍንጣሪ፣ ከአልጋ ኋላ የሻገተ ጥግ፣ በቅርቡ ከወገብ በታች ብቻ የተቀባ ቀለም። የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ይናገራል። ሜትር፣ ካቻቢቴ፣ ባትሪ፣ ውስጡን የሚያሳይ አሥር ሜትር ያህል ላስቲክ ቱቦና አንድ ኪሎ ጄሶ ይያዙ።

ግድግዳው እስከ ጉልበት ረጥቧል፣ ልስኑ ይረግፋል

ሦስት ምክንያት አለው፤ መፍትሄያቸው ስለሚለያይ መለየት ግድ ነው።

የመጀመሪያው የመሬቱ ከፍታ ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ወይም አስፋልት በለበሰ ቁጥር ከፍ ይላል። ቪላ የሚሠሩትም ግቢያቸውን በገረጋንቲ ይሞላሉ። ትንሿ ቤት ሳትነቃነቅ ጎድጓዳ ውስጥ ትቀራለች። ቱቦውን ውሃ ሞልተው አንዱን ጫፍ ደጃፉ ላይ፣ ሌላውን መንገዱ ዳር ይያዙና ወለሉ ከመንገዱ በስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚያንስ ይለኩ። ወለሉ ከመንገዱ ዝቅ ካለ ከላይ በኩል፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወርዱ 40 ጥልቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ይቆፈራል፤ በየሜትሩ ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ከቦዩ በፊት ግን የሚመለስ ጥያቄ አለ፦ ውሃው የት ይወጣል? ከግቢው ዝቅ ያለ የሕዝብ ዲች ወይም ወንዝ ዳር ከሌለ የተቆፈረው ቦይ ሳይሆን ኩሬ ነው። መውጫ የሌለው ግቢ በሙሌት እንጂ በጥገና አይድንም፤ ሙሌት ማለት ደግሞ ቤቱን ማፍረስ ማለት ነው።

ሁለተኛው የጎረቤት ጣሪያ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። 200 ካሬ ጣሪያ ያለው ቪላ 40 ሚሊ ሜትር በጣለ አንድ ከሰዓት 8,000 ሊትር ያወርዳል፤ ይህ 40 በርሜል ነው። አሸንዳው ወይም መውረጃ ቱቦው ወደእናንተ አጥር ከዞረ ግድግዳው የሚረጥበው በዚያ በኩል ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሦስቱ ደረቅ ናቸው። መድኃኒቱ ቱቦውን በጎረቤት ወጪ ወደ መንገድ ማዞር ነው። ይህን ከግዢ በኋላ አዲስ ጎረቤት ሆኖ ከመጠየቅ ሻጩ ከመልቀቁ በፊት ራሱ ጨርሶ እንዲያስረክብ ማድረግ ይቀላል።

ሦስተኛው በጭቃ ግድግዳ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ ነው። እንጨትና ጭቃው እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶው ግን እንደዚያ አይንቀሳቀስም። በስንጥቁ የገባ ውሃ መውጫ አጥቶ ከልስኑ ኋላ ይቀመጣል፤ ከዚያ ቋሚውን ያበሰብሳል። በጣት አጥንት ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ልስን ከግድግዳው የተላቀቀ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሌላ ሲሚንቶ ይጨምርና ሬንጅ ይቀባል፤ እርጥበቱ አይጠፋም፣ ከጉልበት ወደ ወገብ ይወጣል። ትክክለኛው ሥራ የተላቀቀውን ልስን እስከ አንድ ሜትር ከፍታ አራግፎ በበጋ ጥቂት ሳምንት ማድረቅ፣ ጭድ ገብቶበት በደንብ የቦካ ጭቃ መምረግ፣ ሲደርቅ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ አሸዋ መለሰን ነው። በዙሪያው ያለው አፈርም ከወለሉ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ይነሣ። በ1928–1933 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ጊዜ የተሠሩት የድንጋይ ቤቶች ምስጥ እንደልቡ አያገኛቸውም፤ በኖራ የተያያዘ ግንብ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ግን እነሱንም ያው ችግር ውስጥ ይከታቸዋል።

ቋሚዎቹ ሲመቱ ድምፃቸው የታፈነ ነው

ግድግዳ ላይ እርሳስ የሚያክል የአፈር ቱቦ ሽቅብ ከወጣ ምስጥ ነው። ቱቦውን መጥረግ ምንም አያመጣም፤ ሻጭ ጠርጎ ቀለም ይቀባዋል። የሚበላው እንጨት ከመሬቱ ከፍ ዝቅ ብሎ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሆነ እዚያው ላይ ካቻቢቴ ይውጉ። ጤነኛ ባሕር ዛፍ ጫፉን ብቻ ያስገባል፤ ያለ ጉልበት ሁለት ሳንቲ ሜትር ከገባ ቋሚው አልቋል። በተለይ የማዕዘኖቹንና ከወጥ ቤቱ በኩል ያሉትን አይዝለሉ። የለሰለሱትን ይቁጠሩ፦ ከአራት አንድ በታች ከሆኑ ቤቷ ትጠገናለች፤ ከግማሽ በላይ ከሆኑ ግድግዳውን ያቆመው ጭቃውና የጎረቤት አጥር ነው።

ጥገናው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የላይኛው አግዳሚ በድጋፍ እንጨት ይያዛል። ቋሚው ከበሰበሰበት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆረጣል። ከሥሩ ከወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ወጣ ያለ የኮንክሪት እግር ይሞላል፣ እንጨቱም በላሜራና በቡሎን እዚያ ላይ ይታሰራል። ቋሚዎች ተራ በተራ ይሠራሉ፤ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን አይቆረጡም። የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፣ ግን ያዘገያል እንጂ አያቆምም፤ ግቢው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ካለ ደግሞ ጉዳቱ ይበልጣል። ምስጥን የሚያስቸግረው እንጨትና አፈር አለመገናኘታቸው ነው። ግድግዳ ላይ የተደገፈ የማገዶ ክምር ካለም መጀመሪያ እሱ ይነሣ።

ስንጥቅ

ቋሚውን ተከትሎ ቀጥ ብሎ የወረደ፣ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ጭቃ ሲደርቅ የሚያመጣው ነው፤ አያስጨንቅም። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ ሰያፍ የሄደ፣ ጣት የሚያስገባ ከሆነ መሬቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው።

ጅማ ውስጥ አፈሩ በሰፈር ይለያያል። አቀበቱ ላይ በአብዛኛው ቀይ አፈር ነው፤ ወደ ቂጦ ሜዳና ወደ ቦዬ ረግረግ ሲወርዱ ጥቁሩ ዋልካ ይመጣል። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ተሰንጥቆ ይሸሻል፤ ቤቷም አብራ ትነሣለች፣ አብራ ትቀመጣለች። በካርታ ወይም በሰፈር ስም አይመኑ። የግቢው ጥግ ላይ 1.5 ሜትር ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ የአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህ ጉድጓድ ለአሮጌዋ ቤት ብቻ አይደለም፦ ነገ አፍርሰው ሊሠሩ ካሰቡ ስንት ሜትር ጥቁር አፈር ተነሥቶ በገረጋንቲ እንደሚተካ የሚነግረው እሱ ነው፤ ያ ወጪ ከቦታው ዋጋ መቀነስ አለበት።

ሌላው መንስኤ አጠገብ የተቆፈረ መሠረት ነው። ጎረቤት ፎቅ ሊያቆም ከአጥሩ ሥር ሁለት ሦስት ሜትር ሲወርድ የእናንተ አፈር ወደ ጉድጓዱ ይሳባል። ምልክቱ ሊሾው ከግድግዳው መላቀቁ፣ በር አለመግጠሙ፣ ስንጥቁም በዚያ አጥር በኩል ብቻ መሆኑ ነው።

ስንጥቁ የቆመ ወይም የሚሄድ መሆኑን ለማወቅ በአምስት ሳንቲ ሜትር ወርድ ጄሶ ከዳር እስከ ዳር ይለጥፉበትና ቀኑን ይጻፉበት። ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ሳይሰነጠቅ ከቆየ ሞልቶ መለሰን ይበቃል። ዋልካ ላይ ግን የአንድ ወቅት ጄሶ አያስተማምንም። ጄሶው ከተሰነጠቀና መንስኤው ዋልካ ከሆነ በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ወርድ ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ ሲሚንቶ ይነጠፋል፣ የቀረበ ባሕር ዛፍ ይቆረጣል፤ ዓላማው ከሥር ያለው እርጥበት ዓመቱን ሙሉ እንዳይዋዥቅ ነው። ለባለ ሁለት ክፍል ቤት መሠረት ማጠናከር ግን ገንዘብ ማባከን ነው። መንስኤው የጎረቤት ቁፋሮ ከሆነ ደጋፊ ግንብ እስኪሠራ አይፈርሙ፤ ስንጥቁን ከቀን ጋር ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።

ጣሪያ፣ መብራት፣ ሽንት ቤት

እነዚህ ብዙ አያከራክሩም። ቀን በር ዘግቶ ሽቅብ ማየት ነው፤ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ ውሃም ያስገባል። ምስማር ዙሪያ ብቻ ከዛገ ምስማሩን ከነጎማው መለወጥ ይበቃል፤ ቆርቆሮው ራሱ በጣት ሲጫኑት ከተፈረፈረ ይነሣ። አዲስ ሲገዙ የጌጁ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ አይርሱ፤ ባለ 35 ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው።

ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ከፈዘዘ ገመዱ ቀጭን ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ከቆጣሪው የራሱ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። ቆጣሪው ከጎረቤት ጋር የጋራ መሆኑንም ይጠይቁ።

በጥር ደህና የሆነ ሽንት ቤት በሐምሌ ከሞላ ጉድጓዱ በቆሻሻ አልሞላም፤ የከርሰ ምድር ውሃ ገብቶበታል። መምጠጥ ለሳምንት ብቻ ይረዳል። ውሃ የማያስገባ ሴፕቲክ ታንክ ይሠራ፤ ጎረቤት አጥሩን በጉድጓዱ ላይ አቁሞ ከሆነም አስቀድሞ ይታወቅ።

ወረቀቱ ላይ የሚታዩ ምልክቶች

ሻጩ የሚያሳየው የኪራይ ደረሰኝ ብቻ ከሆነ ቤቱ የቀበሌ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ አነስተኛ ኪራይ የነበራቸው ለቀበሌ ተሰጡ፤ በጥሩ ሰፈር መሐል ትንሽ ቤት ሳትነካ የቀረችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ተከራይ አርባ ዓመት ቢኖርም አይሸጥም። መፍትሄ የለውም፣ ይተዉት።

ካርታው በሟች አባት ስም ከሆነ ወራሾች ሁሉ ይፈርማሉ። ውጭ አገር ያለ ልጅ ውክልና ከላከ «እንዲሸጥልኝ» የሚል በግልጽ ይጻፍ፤ የአስተዳደር ውክልና ቤት አያሸጥም። ካርታው በአፋን ኦሮሞ ከሆነ ማንበብ የማይችል ገዢ በሻጭ ቃል ሳይሆን በትርጉም ይመን።

ካርታው 250 ካሬ ብሎ ሜትሩ 225 ካለ አጥር ገፍቶ ገብቷል ወይም መንገድ ወስዶታል። የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ ልኮ በጽሑፍ ይስጥ፤ ዋጋውም በተለካው ይቆረጥ። ነባር ይዞታ፣ ማለትም ያለ ሊዝ የተያዘ ቦታ፣ ከሆነ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ የተላለፈ ነባር ይዞታ ወደ ሊዝ እንደሚገባ ደንግጓል። ሻጩ የማያነሣው ወጪ ስለሆነ በሥራ ላይ ያለውን ስሌት ከቢሮው አስወጥተው በእጅ ይያዙ።

ለማደስ ፈቃድ ተከልክሎ የቆየ ቤት ካለ ምክንያቱ ፕላኑ ነው፦ ቦታው መንገድ ላይ ወድቆ ይሆናል፣ የኮሪደር ልማት ሊነካው ይችላል፣ ወይም እዚያ መሥመር ላይ ከተወሰነ ፎቅ በታች አይፈቀድም። የፕላን ስምምነት (ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚፈቀድ የሚገልጽ ወረቀት) እና ከዕዳና እገዳ ነፃ የሚል ደብዳቤ ሳይወጣ ቀብድ አይስጡ። በሕጉ ቀብድ የሰጠ ገዢ ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ሻጭ ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብዱ ወረቀት ላይ «ደብዳቤው ካልወጣ ቀብዱ በሙሉ ተመላሽ ነው» የሚለው መሥመር ከፊርማው በላይ ይጻፍ፤ የሻጭ የትዳር ጓደኛም አብራ ወይም አብሮ ይፈርም።