የፕሮጀክት ምሩቃን ለድሃ ልጆች እንዲሟገቱ፦ በሰሜን ሸዋ ማኅበር ለማቋቋም ለሚያስቡ

በቤተ ክርስቲያን በኩል በሚሰጥ የልጆች ድጋፍ ያደጉና ሰፈሩ «የፕሮጀክት ልጅ» እያለ ያሳደጋቸው ወጣቶች ሥራ ይዘው ራሳቸውን ሲችሉ፣ ተሰባስበው «እኛም በተራችን አንድ ነገር እናድርግ» ማለታቸው የተለመደ ነው። ጅምሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደብተርና እስክርቢቶ ገዝቶ በመስከረም ከማከፋፈል አያልፍም። ደብተር ማከፋፈል የሚነቀፍ ሥራ አይደለም፤ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ሌላውን ሥራ፣ ማለትም ለልጁ በሕግ የሚገባውን ነገር የመስጠት ግዴታ ካለበት መሥሪያ ቤት መጠየቅን ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት ያሳደገንን አሠራር ማየት ይጠቅማል። በዚህ ዘርፍ በስፋት የሚታወቀውን ኮምፓሽን ኢንተርናሽናልን አሜሪካዊው ሰባኪ ኤቨረት ስዋንሰን በ1952 እ.ኤ.አ. የጀመረው በኮሪያ ጦርነት ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት ሲሆን፣ ድርጅቱ በኢትዮጵያም ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ይሠራል። አንድ ልጅ ከአንድ ስፖንሰር ጋር ይገናኛል፤ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፤ ልጁ በስሙ ይታወቃል። የአሠራሩ ብርታት ይኸው ነው፤ ድካሙም ከዚሁ ይመጣል፤ ምክንያቱም ስሙ መዝገብ ላይ ያልሰፈረው የጎረቤት ልጅ፣ አንዳንዴም የገዛ ወንድም፣ ከበሩ ውጭ ይቀራል። በዚህ ላይ ገንዘቡ ከባሕር ማዶ የሚመጣ በመሆኑ ውሳኔውም በሌላ እጅ ነው። የሕንድ መንግሥት የውጭ ገንዘብ እንዳይገባ በመከልከሉ ድርጅቱ በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. ከሕንድ ሲወጣ፣ ከ140,000 የሚበልጡ ልጆች ድጋፋቸው ተቋርጧል። እንዲህ ያለ ነገር በደረሰበት ቦታ ሁሉ የሚቀሩት ቀበሌው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና ያደጉት ልጆች ናቸው። የምሩቃን ማኅበር ሁለተኛ ፕሮጀክት ለመሆን ከመድከም ይልቅ እነዚህ ተቋማት ለሁሉም ልጅ እንዲሠሩ ቢጠይቅ የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አባልነትና ሕጋዊ አቋም

አባልነቱን የምስክር ወረቀት ይዘው ለተመረቁት ብቻ አትገድቡት። በመሐል ያቋረጡት፣ ቤተሰባቸው አካባቢ በመቀየሩ የተሰረዙት፣ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዓረብ አገር ሄደው የተመለሱት ሴቶች ልጅ ከየት ላይ እንደሚወድቅ ከምሩቁ በላይ ያውቃሉ። በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ውስጥ ከእነርሱ መካከል ቢያንስ አንድ ሰው ይኑር። የፕሮጀክቱን ሠራተኞች ግን በአማካሪነት እንጂ በአመራርነት ባታስገቡ ይሻላል፤ ደመወዝ ከሚከፍላቸው ተቋም ጋር የሚያጋጭ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ይቸገራሉና።

በሕግ በኩል መንገዱ ከቀድሞው ተሻሽሏል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ስለነበር፣ የፕሮጀክት ሰዎች መብት የሚለውን ቃል ሸሽተው «ድጋፍ» ማለትን ለመዱ፤ ልማዱ ዛሬም አልለቀቀም። ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ክልከላውን አንስቷል። በአዲሱ አዋጅ መሠረት ማኅበር የሚቋቋመው አምስት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ አባላት ሲሆን፣ የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ አስተዳደራዊ ወጪውም ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። አዋጁ የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን እንዲሁም አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የተቋቋሙትን በመሆኑ፣ ሥራችሁ በሰሜን ሸዋ ብቻ የሚወሰን ከሆነ የምትመዘገቡት በአማራ ክልል ሕግ ነው፤ አካሄዱን ከዞኑ ፍትሕ መምሪያ ጠይቁ። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር እንደ አንድ ኅብረት መቀጠልም ይቻላል። ምዝገባ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን የራሱ ማኅተም የሌለው ስብስብ የሚጽፈው ደብዳቤ በመንግሥት ቢሮ የሚኖረውን ዕድል ቢሮ ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል።

መዋጮን በተመለከተ ረጅም ምክር አያስፈልግም። በእድር እንደምናውቀው ወርኃዊው ክፍያ አነስተኛ ይሁን፣ ደረሰኝ ይቆረጥ፣ ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ።

አንድ ጥያቄ መምረጥ

አዲስ ማኅበር የሚደክመው ድህነትን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለመታገል ሲነሳ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት ሦስት ነገር የሚያሟላ አንድ ጥያቄ ምረጡ፦ የሚፈጽመው መሥሪያ ቤት የታወቀ ይሁን፣ ብዙ በጀት አይጠይቅ፣ መፈጸሙና አለመፈጸሙ በዓይን ይታይ። እኔ ብጠየቅ የልደት ምዝገባን አስቀድማለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ለእያንዳንዱ ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት ይሰጣል፤ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ደግሞ ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የልደት ምስክር ወረቀት የሌላት ልጅ ልትዳር ስትል «አሥራ ስምንት ሞልቷታል» የሚል ዘመድ ቢመጣ ማስተባበያ አይገኝም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ዕድሜዋ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅን ያገባ ሰው እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች ደግሞ እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ እስራት እንደሚቀጣ ቢደነግግም፣ ዕድሜዋን የሚያስረዳ ሰነድ ከሌለ ሕጉን ማስፈጸም አስቸጋሪ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ሲከለክልም ጥያቄው ያው የዕድሜ ነው።

ጥያቄውን ከመረጣችሁ በኋላ ደብዳቤ ለመጻፍ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ለምን እንዳልተመዘገቡ ጠይቁ። መልሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የተጠለሉ ቤተሰቦች «የትኛው ቀበሌ ይመዘግበናል?» ይላሉ። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ እየተመላለሱ የሚማሩ ልጆች ደግሞ የወላጆቻቸው ቀበሌና የሚኖሩበት ቀበሌ ሌላ ሌላ ነው። መንዝ ውስጥ በግ እየጠበቀ ለሚውል ልጅ እናት ደግሞ ጉዳዩ የርቀት ነው፤ ግማሽ ቀን ተጉዛ ስትደርስ ልደትን የሚመዘግበው የቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትባላለች። ቤት ለቤት ስትዞሩ ጥያቄውን እንደ ቆጠራ ሠራተኛ አትደርድሩት። «እትዬ፣ የዚህን ልጅ ወረቀት ለማውጣት ሞክረው ያውቃሉ? ምን አሏችሁ?» ብሎ መጀመርና መልሱን በራሳቸው አነጋገር መጻፍ ይበቃል። መንገዱ በማያስተማምንበት ወቅት ማንንም ወደ ገጠር አትላኩ፤ በስልክ ወይም በገበያ ቀን የሚገኘው መረጃ ይበቃል።

ደብዳቤው

በእኛ አገር ቢሮ ሥራ የሚንቀሳቀሰው በጽሑፍ ነው፤ በቃል የተነገረ አቤቱታ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ከስሜት ይልቅ ጉዳይ ይያዝ። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ ቋሚ የልደት ምዝገባ ቀን እንዲወሰን ስለመጠየቅ። በቀበሌያችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚማሩ ልጆች መካከል በአባሪው ዝርዝር ስማቸው የተገለጸው የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም። ወላጆቻቸው ለምዝገባ በተለያየ ቀን ቢመጡም የክብር መዝገብ ሹሙ በሌላ የመንግሥት ሥራ ላይ በመሆናቸው ሳይመዘገቡ መመለሳቸውን ገልጸውልናል። ስለሆነም ከጥር ወር ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን፣ በገበያ ቀን፣ ሹሙ ከሌላ ሥራ ነፃ ሆነው በቢሮ እንዲገኙ፤ ማኅበራችንም ቅጽ በመሙላት እንዲያግዝ እንዲፈቀድልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ይህ ደብዳቤ ማንንም አይከስም፤ የሚጠይቀውም ገንዘብ ሳይሆን አንድ ቀን ነው። ደብዳቤው የሚደርሰው የቀበሌው ሊቀ መንበር ለመፈጸም የበላይ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ «ከበላይ አልመጣም» ለማለትም ይቸገራል። ከግርጌው «ግልባጭ» ብላችሁ የወረዳውን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ጨምሩ፤ ግልባጭ ያለው ደብዳቤ በመሳቢያ ውስጥ ሲያድር ሌላም ሰው እንደሚያውቀው ተቀባዩ ይገባዋል። የልጆቹ ስም ያለበት አባሪ ግን ከዋናው ጋር ብቻ ይሂድ፤ ለግልባጩ ቁጥሩን መጥቀስ በቂ ነው። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ በእናንተ ቅጂ ላይ ቀንና ቁጥር ሳታስጽፉ አትውጡ።

ጥያቄው በጀት የሚነካ ከሆነ፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤት ምገባ ወይም የመማሪያ ክፍል ጥገና፣ ጊዜው ወሳኝ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የወረዳው ዕቅድ ግን የሚሰናዳው ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ነው። ነሐሴ ላይ የሚቀርብ ጥያቄ፣ የቱንም ያህል ልብ የሚነካ ቢሆን፣ ለከርሞ ይቀመጣል። ከሚያዝያ በፊት አስገቡ፤ የወረዳ ምክር ቤት አባላችሁንም በአካል አግኙ።

ልጁን ሳያዋርዱ መናገር

ምሩቃን የለመድነው አንድ ክፉ ልማድ አለ፦ ምስክርነት። ምን ያህል ድሃ እንደነበርን፣ የቆሎ ምሳችንን፣ የተቀደደ ጫማችንን ለእንግዳ መናገር ተምረናል። የራሳችንን ታሪክ መናገር መብታችን ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅን መድረክ ላይ አቁሞ ይህንኑ ማስደገም ግን ተገቢ አይደለም። ልጁ ነገ እዚያው ትምህርት ቤት ከእኩዮቹ ጋር ይቀመጣል። ፊቱ የሚለይ ፎቶግራፍ፣ ከቤቱ አድራሻና ከስሙ ጋር፣ በቴሌግራምም ሆነ በፌስቡክ አይለጠፍ። ልጆች ራሳቸው ስለሚፈልጉት ነገር ሲጠየቁ ደግሞ ከእኛ የሰላ መልስ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ከሽንት ቤቱ በር እስከ ውኃው ቧንቧ ምን እንደሚያስቸግራቸው በክበባቸው በኩል ጠይቋቸው።

ጥቃት የደረሰበት ልጅ ቢያጋጥማችሁ ጉዳዩ የማኅበሩ ዘመቻ አይደለም፤ በዚያው ዕለት ለፖሊስና ለሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፣ ልጁንም ለሕክምና አድርሱ። በተለይ የመደፈር ጉዳይ ወደ ሽምግልና እንዲሄድ አትፍቀዱ። ሽምግልናችን ለመሬት ወሰንና ለባልና ሚስት ጠብ የከበረ ነው፤ እዚህ ግን ልጅቱን ከበዳይዋ ጋር በካሳ ማስታረቅ ሆኖ ይቀራል።

እምነትና ጎረቤት

ሰሜን ሸዋ አብዛኛው ነዋሪዋ ኦርቶዶክሳዊ የሆነባት፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ደግሞ ብዙ ሙስሊም ወገኖች የሚኖሩባት አገር ናት። ፕሮጀክቶቹ በብዛት የሚሠሩት ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ጋር በመሆኑ፣ ማኅበራችሁ በር ሲያንኳኳ «ሃይማኖት ሊያስለውጡ ነው» የሚል ጥርጣሬ ቢገጥመው አትደነቁ፤ አትቆጡም። ለጥርጣሬው መልሱ ክርክር ሳይሆን አሠራር ነው። በመተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ ማኅበሩ የማንንም ልጅ ጉዳይ ሲይዝ እምነቱን እንደማይጠይቅ፣ በማኅበሩ ሥራ ላይ ስብከት እንደማይኖር በግልጽ ጻፉ፤ ጽፋችሁም ፈጽሙት። እኛን ያነሳሳን እምነታችን መሆኑን መደበቅ አያስፈልግም፤ የልደት ቅጽ የምትሞላ እናት ግን ለዚያ ብላ የጸሎት ፕሮግራም መቀመጥ የለባትም።

ከዚህ አልፎ ያለ ደብሩ አስተዳዳሪ፣ ያለ መስጊዱ ኢማምና ያለ እድሩ ዳኛ ያለዕድሜ ጋብቻን መከላከል አይቻልም። ሠርጉን የሚባርኩት፣ ድንኳኑን የሚያውሱት እነርሱ ናቸው። አንድ የንስሐ አባት «የልደት ወረቀቷን ሳላይ አልባርክም» ቢል ውጤቱ ከአሥር ስብሰባ ይበልጣል። ወደ እነዚህ አባቶች ስትሄዱ ታላቅ ሰው አስቀድማችሁ፣ ጉዳዩን አጭር አድርጋችሁ፣ ምክር ጠያቂ ሆናችሁ ቅረቡ፤ ሐሳቡ የእነርሱ ሆኖ ቢወጣ ማኅበሩ የሚጎድልበት ነገር የለም።

መልስ ሲጠፋ

ደብዳቤው ከገባ አንድ ወር ካለፈ በኋላ የመጀመሪያውን ቀንና ቁጥር የሚጠቅስ ማስታወሻ ጻፉ። አሁንም ዝም ከተባለ ወደ ወረዳው፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን ወዳለው የዞን መምሪያ ሂዱ። ሥርዓቱን ጠብቃችሁ መልስ ያጣችሁበት የአስተዳደር በደል ከሆነ የኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታን ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ የመብት ጥሰት ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አለ። ሁለቱም ዘንድ በቅድሚያ የምትጠየቁት ከታችኛው መሥሪያ ቤት ጋር የተጻጻፋችሁትን ነው። ስለዚህ ቀንና ቁጥር ያለባቸውን ቅጂዎች በሁለት ፋይል አድርጋችሁ፣ አንዱን በጸሐፊው፣ ሌላውን በማኅበሩ ሊቀ መንበር ቤት አስቀምጡ፤ አመራር ሲቀየርም ርክክቡ በቃለ ጉባኤ ይፈጸም።