የላም ፅንስ ሕዋሳት አልለያይ ሲሉ፦ ችግርና መፍትሄ

የላም ፅንስ ላብራቶሪ ውስጥ የሚያሳድግ ሰው ከማዳቀሉ በኋላ 7ኛውን ቀን በጉጉት ይጠብቃል። በዚያ ቀን ፅንሱ ውስጡ ውሃ ቋጥሮ ብላስቶሲስት መሆን አለበት። ዳር ዳሩን የከበቡት ሕዋሳት ትሮፌክቶደርም ይባላሉ፤ በኋላ ወደ እንግዴ ልጅነት ይሄዳሉ። በአንድ ጎን የተሰበሰቡት የውስጥ ሕዋሳት ደግሞ ጥጃው ራሱ የሚገኝባቸው ናቸው። የሕዋሳት የመጀመሪያው መለያየት ይሄ ነው። የማያምርበት ጊዜም ብዙ ነው።

ፅንሱ 8 ወይም 16 ሕዋስ ላይ ቆመ

እስከዚህ ድረስ ፅንሱ የሚኖረው እናቱ እንቁላሉ ውስጥ ባስቀመጠችለት ስንቅ ነው። የራሱን ጂኖች በደንብ ሥራ የሚያስጀምረው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ የደከመ እንቁላል ጉዱ የሚወጣው እዚህ ጋ ነው። እንቁላሎቹ ከ22 እስከ 24 ሰዓት በስለው እንደነበር አረጋግጡ። ኢንኩቤተሩ 38.5 ዲግሪ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 5 በመቶ፣ ኦክስጅኑም 5 በመቶ ገደማ ይሁን። በየሰዓቱ እያወጣችሁ አትዩአቸው። ደግሞ ሁሉም አይደርሱም፤ ከተዳቀሉት እንቁላሎች ከ30 እስከ 40 በመቶው ብላስቶሲስት ከሆኑ ደህና ውጤት ነው።

ሕዋሳቱ ተጣብቀዋል፣ ውሃ ግን አልቋጠሩም

የውጪዎቹ ሕዋሳት ጎን ለጎን ጥብቅ ብለው መታሸግ አለባቸው። ከዚያ ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገፋሉ፣ ውሃውም ይከተለዋል። እሽጉ ከላላ የገባው ይፈሳል። ግን ከመደንገጣችሁ በፊት እስከ 8ኛው ቀን ጠብቁ፤ የዘገየ ሁሉ የተበላሸ አይደለም። በማይክሮስኮፕ ስታዩ የሕዋሳቱ ድንበር ጠፍቶ ፅንሱ አንድ ለስላሳ ኳስ መስሎ ከሆነ ተስፋ አለው። እያንዳንዱ ሕዋስ እንደ ወይን ፍሬ ለብቻው ጎልቶ ከታየ ግን ችግሩ ከመጣበቁ በፊት የጀመረ ነው። ወደ መጀመሪያው ክፍል ተመለሱ።

ኦክት-4 በሁሉም ሕዋሳት ላይ በራ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። ሕዋሳቱ የውስጥ ይሁኑ የውጪ ለመለየት በውስጣቸው ያሉ ፕሮቲኖች ለይቶ በሚይዛቸውና በሚያበራ አንቲቦዲ ይቀለማሉ፤ ኦክት-4 ከነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ ነው። ስለ አይጥ ፅንስ ያነበበ ሰው ኦክት-4 የውስጥ ሕዋሳት ምልክት ነው ብሎ ይጀምራል። በአይጥ ልክ ነው፤ ሲዲኤክስ-2 የተባለው ፕሮቲን ውጪ ባሉት ሕዋሳት ኦክት-4ን ያጠፋዋል። የላም ፅንስ ግን በ7ኛው ቀን ሲዲኤክስ-2 እያለበት እንኳ ትሮፌክቶደርሙ ውስጥ ኦክት-4 ይይዛል። የሚጠፋው ቀናት ቆይቶ ነው። እንዲያውም በ2011 የወጣ ጥናት የላም የውጪ ሕዋሳት ወደ ሌላ ፅንስ ሲዛወሩ የውስጥ ሕዋስ ለመሆን ገና አቅሙ እንዳላቸው አሳይቷል። ውሳኔያቸው አልጠነከረም ማለት ነው። የላም ፅንስ ወደ ማህፀን ግድግዳ ከመጣበቁ በፊት ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ እንደ አይጥ የሚያጣድፈው የለም።

ስለዚህ ፅንሱን አትጣሉት፤ ምልክቱን ቀይሩ። ለውስጥ ሶክስ-2 የተባለውን ፕሮቲን፣ ለውጪ ሲዲኤክስ-2ን ተጠቀሙ። ሶክስ-2ም ቢሆን ወደ ውስጥ እየተወሰነ የሚሄደው ቀስ በቀስ ነው። ገና ትንሽ ውሃ በቋጠረ ፅንስ ላይ ፍርድ አትስጡ፤ በደንብ የተነፋውን ጠብቁ።

ውስጥ ምንም ሶክስ-2 አይታይም

መጀመሪያ የምጠረጥረው ማቅለሙን ነው። አንቲቦዲው ትሮፌክቶደርሙን አልፎ መግባት ስላለበት የትራይተኑን (የሕዋሱን ሽፋን የሚበሳውን ሳሙና መሰል ፈሳሽ) ጊዜ አርዝሙ። የኒውክለስ (የሕዋስ አስኳል) ቀለም አብራችሁ ጨምሩ፤ እሱ የውስጥ ሕዋሳትን እያሳየ ሶክስ-2 ብቻ ከጠፋ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ፅንሱን ወይም አንቲቦዲውን መመርመር ያስፈልጋል።

የውስጥ ሕዋሳቱ በዝተው ታዩ

የላም ፅንስ በስብ የጠቆረ ስለሆነ በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ያሳስታል። በአንድ ምስል ብቻ አትቁጠሩ። ከላይና ከታች ያለው ትሮፌክቶደርም መሃል ላይ ተደርቦ የውስጥ ሕዋስ ይመስላል። በኮንፎካል (ንብርብር በንብርብር በሚያነሳ ማይክሮስኮፕ) ከላይ እስከ ታች ደረጃ በደረጃ አንሱና እያንዳንዱን ኒውክለስ በየትኛው ንብርብር እንዳለ አይታችሁ ቁጠሩ።