ከአፕዴት በኋላ የኡቡንቱ ሎጊን እምቢ ሲል

ኡቡንቱን (የሊኑክስ ሲስተም ነው) አፕዴት አድርጋችሁ ሪስታርት ስትሉት ጥቁር ስክሪን ላይ ሰረዟ ብቻ ብልጭ ድርግም ካለች፣ ወይ ፓስወርድ አስገብታችሁ ጠቆር ብሎ መልሶ እዛው ሎጊኑ ላይ ከጣላችሁ፣ እባካችሁ ፎርማት አታድርጉት። ፋይላችሁ ምንም አልሆነም።

ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 3 አንድ ላይ ተጫኑ። ዩዘርኔም የሚጠይቅ ጽሑፍ ከመጣ ሲስተሙ አልሞተም። ፓስወርድ ስትጽፉ ምንም አይታይም፣ ዝም ብላችሁ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ።

ጥቁር ስክሪን

እኔ ጋ ከሚመጣው አብዛኛው ይሄ ነው፣ ምክንያቱ ደግሞ ግማሽ ላይ የቀረ አፕዴት። ባትሪው የሞተ፣ ቻርጀር ሲነቀል የሚጠፋ ላፕቶፕ ላይ አፕዴት ይጀመራል፣ መብራት ይሄዳል፣ በቃ። ወይ ደግሞ "ቆመብኝ" ብሎ ፓወሩን ተጭኖ የሚያጠፋ አለ፤ አልቆመም እኮ፣ ከርነል (የሲስተሙ ልብ) ሲጫን አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቆያል፣ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። እንደዚህ ሲቋረጥ አዲሱ ከርነል ይገባና የግራፊክስ ድራይቨሩ (የስክሪኑን ካርድ የሚያሠራው ፕሮግራም) ለሱ ሳይሰራለት ይቀራል፣ ሎጊኑም የሚስልበት ነገር ያጣል።

በስልክ እንደማስጽፈው ልጻፈው፣ እናንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት፦ ሱዶ (በአድሚን ፈቃድ ስራ ማለት ነው)፣ ስፔስ፣ ዲ ፒ ኬ ጂ፣ ስፔስ፣ ሁለት ሰረዝና ኮንፊገር ተጣብቀው፣ ስፔስ፣ አንድ ሰረዝና ትንሿ ኤ። የተቋረጠውን ከቆመበት ይቀጥላል። ከዛ ሱዶ አፕት ኢንስቶል፣ ስፔስ፣ አንድ ሰረዝና ትንሿ ኤፍ። ኢንተርኔት ከፈለገ ስልካችሁን በዩኤስቢ ሰክታችሁ ቴተሪንግ ክፈቱ፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ያገኘዋል።

"ሎክ (ሁለት አፕዴት አንድ ላይ እንዳይሄድ የሚከለክለው ቁልፍ) ተይዟል" ካለ ከጀርባ ሌላ አፕዴት እየሄደ ነው፣ ጠብቁ። የሎክ ፋይሉን አጥፉት የሚሏችሁን አትስሙ!! ሌላ ደግሞ፣ ዋይ (የስ ማለት ነው) ብላችሁ ከመስማማታችሁ በፊት የሚጠፉትን ፓኬጆች ዝርዝር አንብቡ። አንዱ ሳያነብ ዋይ ብሎ ሙሉ ዴስክቶፑን ነቅሎ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ፣ "ቫይረስ ነው" እያለ። ኡቡንቱ ዴስክቶፕ የሚለውን ፓኬጅ መልሰን ጫንነውና ተነሳ።

ሪስታርት አድርጋችሁ አሁንም ጥቁር ከሆነና የግራፊክስ ካርዱ ኤንቪዲያ ከሆነ፣ ሲነሳ ኢስኬፕ ነካ ነካ አድርጋችሁ (አሮጌ ባዮስ ላይ ሺፍት ይዛችሁ) ግራብ ሜኑ (ከርነል የሚመረጥበት) ላይ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ገብታችሁ የድሮውን ከርነል ምረጡ። በሱ ሎጊኑ ከመጣ ጥፋቱ የድራይቨሩ መሆኑ ታወቀ፦ የአዲሱን ከርነል ሄደርስ (ድራይቨሩ ለከርነሉ ሲሰራ የሚያስፈልጉ ፋይሎች) ጫኑ፣ ከዛ ሱዶ ዲ ኬ ኤም ኤስ አውቶኢንስቶል፣ ስፔስ፣ አንድ ሰረዝና ትንሿ ኬ፣ ስፔስ፣ የአዲሱ ከርነል ሙሉ ቁጥር፤ ድራይቨሩን ለአዲሱ ከርነል ይሰራዋል። ሴኪውር ቡት (ያልተፈረመ ድራይቨር የሚከለክለው) የበራባቸው ደግሞ ድራይቨር ከተጫነ በኋላ ሪስታርት ላይ የምትመጣዋን ሰማያዊ ስክሪን ዘለዋት ያልፋሉ! 10 ሰከንድ ነው የምትጠብቃችሁ። አንድ ቁልፍ ተጫኑ፣ ኢንሮል ሞክ (የድራይቨሩን ፊርማ ተቀበል ማለት ነው) በሉ፣ ሲጫን ያወጣችሁትን ፓስወርድ ስጡት። ኮንቲኒው ቡት ካላችሁ ድራይቨሩ አይሰራም፣ ከዛ "ሊኑክስ ጥሩ አይደለም" ትላላችሁ።

ፓስወርድ ተቀብሎ መልሶ ሎጊን

መጀመሪያ ዲኤፍ ሰረዝ ኤች ብላችሁ ዲስኩን እዩ። 100 ፐርሰንት ከሞላ ሱዶ አፕት ክሊን፣ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ያከማቻችሁትን ፊልምም ቀንሱ። ቦታ ካለ ሆም ውስጥ ነጥብ ኤክስ አውቶሪቲ የሚባለው ድብቅ ፋይል ካለ እዩት፤ ባለቤቱ ሩት (አድሚኑ) ከሆነ ዴስክቶፕ ፕሮግራም በሱዶ የከፈተ ሰው አለ ማለት ነው። ስሙን ቀይሩት፣ ካስፈለገው ስትገቡ አዲስ ይሰራል።

"ፓስወርድ ተሳስቷል" ብቻ የሚል ከሆነ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳይሆን ከላይ በቀኝ በኩል እዩ።

ያዘነ ኮምፒውተር ስዕል የሚመጣው አብዛኛው ጊዜ በጂኖም ኤክስቴንሽን (ዴስክቶፑ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ወይ በድራይቨር ነው። ዌይላንድ (ዴስክቶፑን ስክሪን ላይ የሚያወጣው አዲሱ አሰራር) ብቻ እምቢ ካለ ሎጊኑ ላይ ስማችሁን ነክታችሁ ከታች ካለችው ጥርሳም ጎማ ምልክት ላይ፣ አማራጩ ካለ፣ ኤክስ ኦርግ (የድሮው አሰራር) ያለውን ምረጡ።