ቦሮው መዋስ ነው ወይስ ማዋስ?

እንግሊዝኛ መማር ስጀምር ቃላትን የምይዘው በደብተር ነበር። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺው። ከ«ቦሮው» ፊት ለፊት የጻፍኩት «ውሰት» የሚል ነው። ስህተት አልነበረም። ግን አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እስክሪብቶ ፈልጌ አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ «ኬን ዩ ቦሮው ሚ ዩር ፔን?» አልኩት። መምህሩ ሰምቶ አረመኝ። ለካ ቃሉን አውቀዋለሁ እንጂ የሚናገረው ስለሰጪው ይሁን ስለተቀባዩ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቃል የማጠናበትን መንገድ ቀየርኩ፤ መንገዱንም በዚሁ ቃል ላሳያችሁ።

ቃሉን ስታገኙ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ይህን የሚያደርገው ማነው?» ብላችሁ ነው። ቦሮው የሚያደርገው ተቀባዩ ነው። ሰጪው የሚያደርገው «ሌንድ» ይባላል። በቃ፣ መዋስና መበደር ቦሮው፣ ማዋስና ማበደር ሌንድ። ስለዚህ እኔ ማለት የነበረብኝ ወይ «ኬን አይ ቦሮው ዩር ፔን?» ነው፣ ወይ ደግሞ «ኬን ዩ ሌንድ ሚ ዩር ፔን?»። የመጀመሪያው «እስክሪብቶህን ልዋስ?» ነው፣ ሁለተኛው «እስክሪብቶህን ታውሰኛለህ?»።

እኛ ላይ ለምን እንደሚምታታ ማወቅ ይጠቅማል። በአማርኛ «ተዋሰ» እና «አዋሰ»፣ «ተበደረ» እና «አበደረ» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ከፊት ያለችው ፊደል ስትቀየር ሰጪና ተቀባይ ቦታ ይለዋወጣሉ። ጆሯችን ይህን ስለለመደ አንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ይዞ ለሁለቱም ሊጠቀምበት ይፈልጋል። እንግሊዝኛ ደግሞ በሌላ በኩል ይቀለናል። እኛ መጽሐፍ እንዋሳለን፣ ገንዘብ ግን እንበደራለን፣ ምክንያቱም መጽሐፉ ራሱ ይመለሳል፣ የገንዘቡ ግን ምትኩ ነው የሚመለሰው። ለእንግሊዝኛ ሁለቱም ቦሮው ነው። በሒሳብ ቅነሳ ላይ ከጎን ካለው ቁጥር 1 የምንበደረው እንኳ ቦሮው ነው የሚባለው።

አሁንም የሚምታታባችሁ ከሆነ እኔን የረዳኝን ልንገራችሁ። ቦሮው በጥንታዊው እንግሊዝኛ መያዣ ወይም ዋስትና ማለት ከነበረ ቃል ጋር ዝምድና አለው። እስቲ «ተዋሰ» የሚለውን ከ«ዋስ» ጋር አስተያዩት! ዋስ ጥራ የሚባለው ማነው? የሚወስደው ሰው ነው። ስለዚህ ቦሮው ስትሰሙ ዋስ የሚጠራውን ሰው አስቡ፤ እኔ ይህን ካወቅኩ በኋላ ተምታቶብኝ አያውቅም።

ቀጥሎ የቃሉን ባልንጀሮች ያዙ። ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው፣ ለእኔ ግን ከፍቺው እኩል ነው። ቦሮው «ፍሮም»ን ይወዳል፣ ማለትም ከማን እንደተወሰደ ይነግረናል፦ «አይ ቦሮውድ ዘ ቡክ ፍሮም ማይ ሲስተር»። ሌንድ «ቱ»ን ይወዳል፣ ለማን እንደተሰጠ ይነግረናል፦ «ማይ ሲስተር ሌንት ዘ ቡክ ቱ ሚ»። ሌንድ ሰውየውን አጠገቡ አስቀምጦ ያለ «ቱ» መሄድም ይችላል፣ «ሌንት ሚ ዘ ቡክ» ማለት ትክክል ነው። ቦሮው ግን ይህን አይቀበልም። «ቦሮው ሚ» የሚሉ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በአንዳንድ አካባቢ አሉ፣ ፈተና ላይ ወይም የሥራ ደብዳቤ ላይ ግን እንደ ስህተት ነው የሚታይባችሁ።

ያለፈ ጊዜያቸውን አብራችሁ ያዙ፤ ቦሮው «ቦሮውድ» ይሆናል፣ ሌንድ ደግሞ «ሌንት»። «ሌንድድ» የሚባል የለም።

ከዚያ ቃሉ የማይገባበትን ቦታ ፈልጉ። ቦሮው ይዛችሁት ልትሄዱና ልትመልሱት ለምትችሉት ነገር ነው። በሰው ቤት መታጠቢያ ቤት መግባት ፈልጋችሁ ከሆነ «ዩዝ» በሉ፣ «ኬን አይ ዩዝ ዩር ባዝሩም?»። የማትመልሱትን ነገር፣ ለምሳሌ ሶፍት ስትጠይቁም «ኬን አይ ሃቭ» ይሻላል። መዝገበ ቃላት ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ቃሉ የት እንደሚገባ ነው፤ የት እንደማይገባ የምታውቁት ምሳሌዎቹን ደጋግማችሁ ስታነቡ ነው።

እዚህ ላይ «ሎን» የሚለው ቃልም ይመጣል። እሱ ስም ነው፣ ብድር ማለት። አሜሪካኖች በሌንድ ቦታ እንደ ግስም ይጠቀሙበታል። እናንተ ግን ለጊዜው ስም አድርጋችሁ ብቻ ብትይዙት ይሻላል። ደስ የሚለው ደግሞ እኛ የውሰት ቃል የምንለውን እነሱም «ሎንወርድ» ማለታቸው ነው።

ይህን ሁሉ ከየት ታገኛላችሁ? ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉመው መዝገበ ቃላት ለመጀመር ጥሩ ነው፣ ግን እዚያ አትቁሙ። ለቋንቋ ተማሪዎች ተብለው የተዘጋጁ አሉ፤ ኦክስፎርድ፣ ካምብሪጅና ሎንግማን በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ፣ ፍቺያቸው በቀላል እንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ ምሳሌ አላቸው፣ ድምፅም አላቸው። ስትከፍቷቸው ፍቺውን አንብባችሁ አትዝጉ። ዓይናችሁን ምሳሌዎቹ ላይ አድርጉና ከቃሉ በፊትና በኋላ የሚደጋገመውን ነገር ፈልጉ። ቦሮው ላይ «ፍሮም» ደጋግሞ ይመጣል። ደብተራችሁ ላይ የሚጻፈው እሱ ነው፦ «ቦሮው» ብቻ ሳይሆን «ቦሮው ሳምቲንግ ፍሮም ሳምዋን»።

በመጨረሻ ከራሳችሁ ሕይወት እውነተኛ ነገር አንሱ። ማን ምን አዋሳችሁ? ያን አንድ ነገር ከሁለት ወገን ጻፉት፣ አንዴ በእናንተ አንዴ በሰጪው። ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። በነጋታው ሳታዩ ድገሙት፣ ከሳምንት በኋላም እንዲሁ። አንድ ቃል በዚህ መልክ ማጥናት ጊዜ ይወስዳል፣ አውቃለሁ፤ ግን በቀን 20 ቃል ሸምድዶ አንዱንም አፍ ላይ ማምጣት ከመቸገር በቀን 2 ቃል እንዲህ መያዝ በጣም ይሻላል።

ቦሮው ካለቀላችሁ «ሬንት»ን ሞክሩ። እሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ መከራየትም ማከራየትም በአንድ ቃል። «አይ ሬንት ዘ ሃውስ ፍሮም ሂም» ካላችሁ ተከራይ ናችሁ፣ «አይ ሬንት ዘ ሃውስ ቱ ሂም» ካላችሁ የቤቱ ባለቤት ሆናችሁ ቁጭ አላችሁ።