ከቆጣሪው በፊት ግምጃ ቤቱን ክፈቱ፦ የመሥሪያ ቤታችሁ ኮምፒውተሮች አካባቢን ምን ያህል እንደሚጎዱ ለመገምገም

ኅዳር 2018 ዓ.ም. ላይ አለቃዬ አንዲት ማስታወሻ ላኩልኝ፦ "የአይሲቲያችን አጠቃቀም ለአካባቢ ተስማሚ መሆኑን ገምግመሽ በአንድ ወር ውስጥ አቅርቢ።" ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የአይሲቲ ባለሙያ ነኝ። ያለን 130 ገደማ ኮምፒውተር፣ አንዲት ጠባብ ሰርቨር ክፍልና አንድ ጄኔሬተር ነው። ኢንተርኔት ላይ ያገኘኋቸው መመሪያዎች ሁሉ የሚጀምሩት ከመብራት ፍጆታ ስለሆነ እኔም ከዚያው ጀመርኩ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ እየዞርኩ ሶኬት ስለካ ሰነበትኩ።

የሳምንቱ ድካም ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው። እነዚያ መመሪያዎች የተጻፉት መብራታቸውን ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ለሚያገኙ አገሮች ነው። የእኛ መብራት ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውኃ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ኮምፒውተር ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሲውል የሚያስከትለው የካርቦን ልቀት ትንሽ ነው። ትልቁ ጉዳት ያለው ዕቃው ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ፣ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሣ፣ በመጨረሻም ዕቃው ሲሞት ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ አስከፍቱ። የንብረት ክፍል መዝገብ ብቻውን አይበቃም። ሞዴል 19 የገባውን፣ ሞዴል 22 የወጣውን ይነግራችኋል፤ የሞተውን ግን አንዳቸውም አይነግሯችሁም። እኛ መዝገብ ላይ "በአገልግሎት ላይ ያለ" የሚል 214 ኮምፒውተር ነበር። ቢሮ ለቢሮ ዞሬ በእጄ እየነካሁ የቆጠርኩት 131 ነው። "ጋሼ፣ የቀሩት የታሉ?" አልኳቸው የግምጃ ቤቱን ኃላፊ። "ልጄ፣ ኮሚቴ ሳይፈርም ከዚህ ቤት አንዲት ብሎን አትወጣም" አሉና ቁልፋቸውን ከኮት ኪሳቸው አወጡ።

ውስጡ ጣሪያ ድረስ ተደርድሯል። እንደ ሣጥን የወፈሩት የድሮ ስክሪኖች ግድግዳውን ይዘዋል። ከፍቼ ያየሁት አንድ ሲፒዩ ውስጥ አይጥ በተበጣጠሰ ወረቀት ጎጆ ሠርታለች። ጥግ ላይ ካርቶናቸው ያልተከፈተ ስድስት ቶነሮች አሉ፤ ፕሪንተራቸው ተበላሽቶ እነሱ ሥር ተቀምጧል። በሩ አጠገብ የዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ባለ ባትሪ ሣጥን፣ ክምር ነበር። አንዱን ላነሣ ስል ባትሪው አብጦ ቆርቆሮውን ገፍቶታል፤ ጫፉ ላይ ነጭና ሰማያዊ ዱቄት አውጥቷል፤ ከሥሩ ያለውን ሲሚንቶ አሲዱ በልቶት ሻክሯል። "እጅሽን ሳትታጠቢ ምሳ እንዳትበዪ" አሉኝ ጋሼ፤ ልክ ናቸው፣ እርሳስ ነው። ጓንት ይዛችሁ ግቡ።

እዚያ ውስጥ የምትመዘግቡት ብዙ አይደለም። ለእያንዳንዱ ዕቃ ዓይነቱን፣ በሞዴል 19 የገባበትን ዓመት፣ ክብደቱን፣ ከዚያም አንድ ፍርድ፦ ይሠራል፣ ይጠገናል፣ ክፍሉ ለሌላ ይሆናል፣ ወይም ሞቷል። ክብደቱን አትዝለሉት። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የሚቆጠረው በኪሎ ነው፤ "83 ኮምፒውተር" ብላችሁ ከምትጽፉ "አንድ ቶን ተኩል" ብትሉ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ቀና ይላል። የዩፒኤስ ባትሪዎችን፣ ወፍራም ስክሪኖችንና ቶነሮችን ለየብቻ ቁጠሩ፤ አንድ ላይ የሚወገዱ አይደሉም። ወፍራሞቹ ስክሪኖች መስታወታቸው ውስጥ እርሳስ አለባቸው፤ ስለዚህ አትስበሯቸው፣ ቦታ ለመቆጠብ ብላችሁም አትደራርቧቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደስ አይልም፦ ከዚህ በፊት ያስወገድነውን ማን ወሰደው? የጨረታውን ቃለ ጉባኤ አውጥታችሁ አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ አሸናፊው ከፍ ያለ ዋጋ የሰጠው ነው። ያ ሰው ዕቃውን ለቆራሌ ከሸጠው፣ ሽቦው ለመዳቡ ሲባል ሜዳ ላይ ይቃጠላል፤ ባትሪው ለእርሳሱ ይሰበራል፤ አሲዱ ቦይ ውስጥ ይደፋል። ሕጉ ግን አለ፦ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እና የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425/2010። ሁለቱንም አትማችሁ ከግምገማችሁ ጋር አያይዙ። እኔ ሳቀርብ ጨረታ ኮሚቴው ውስጥ ደንቡን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ብቻችንን ግን አይደለንም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም ካወጣው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በሥርዓት ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ሩቡ እንኳ አይሞላም። በነገራችን ላይ ጨረታ የሚወጣ ዕቃ ላይ ሃርድ ዲስኩ ወልቆ መቅረቱን አረጋግጡ። ይህ የአካባቢ ጉዳይ አይደለም፣ ግን ሌላ ማንም አያየውም።

ሁለተኛው ጄኔሬተሩ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ስሌቱ ይኸው ነው። አስቸጋሪው ሊትሩን ማወቅ ነው። የነዳጅ ደረሰኝ የተገዛውን እንጂ የተቃጠለውን አይናገርም፤ ናፍጣ ደግሞ እግር ያወጣል። ስለዚህ ሁለት ነገር አስተያዩ፦ ጄኔሬተሩ ላይ ያለውን የሰዓት ቆጣሪ፣ እና ከመሞላቱ በፊትና በኋላ በእንጨት የተለካውን በነዳጅ ጋኑ ውስጥ ያለውን የናፍጣ ከፍታ። ጥበቃዎቹ መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት የሚጽፉበት ደብተር ካላቸው ወርቅ ነው። የእኛዎቹ ነበራቸው፤ ከአንድ ሌሊት በቀር ሁሉንም ጽፈውታል።

በ2017 በጀት ዓመት የእኛ ጄኔሬተር 412 ሰዓት ሠርቶ 2,900 ሊትር በልቷል። በ2.7 ሲባዛ 7.8 ቶን ይሆናል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛችን በክላምፕ ሜትር ሲለካው የሚሸከመው ጭነት 16 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ ጄኔሬተሩ ግን ባለ 100 ኬቪኤ፣ ማለትም የዚህን ብዙ እጥፍ የሚሸከም ነው። ጭነቱ ያነሰ ጄኔሬተር አንድ ሰው ብቻ ይዞ አዲስ አበባ እንደሚመላለስ አውቶብስ ነው። በደንብ የተጫነ ጄኔሬተር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 0.3 ሊትር ገደማ ይበላል፤ የእኛ 0.44 ነበር። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከፍተኛ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ሻጮችም ይህን ሰበብ አድርገው ከሚገባው በላይ ትልቅ ይሸጣሉ። ከ16ቱ ኪሎዋት 9ኙ የኮምፒውተር፣ የኔትዎርክና የሰርቨር ክፍሉ ነው፤ ስለዚህ ለአይሲቲ የጻፍኩት 4.4 ቶን ነው። የሌላውን ክፍል ዕዳ በራሳችሁ ላይ አትጫኑ፣ የራሳችሁንም አትደብቁ።

ሦስተኛው ግዥ ነው፤ የጉዳዩ ሥጋ ያለው እዚህ ነው። ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ለብዙዎቹ ሞዴሎቻቸው የካርቦን መረጃ ወረቀት ያወጣሉ፤ የሞዴሉን ስም ይዛችሁ ድረ ገጻቸው ላይ ፈልጉ። የአንድ ላፕቶፕ የካርቦን ልቀት አብዛኛውን ጊዜ በ200 እና በ300 ኪሎ ግራም መካከል ነው፤ ከዚያ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የሚወጣው ሣጥኑን ሳትከፍቱት በፊት፣ ሲመረት ነው። 240 ኪሎ ያለውን ላፕቶፕ አራት ዓመት ከተጠቀማችሁበት በዓመት 60 ይደርሰዋል፤ ስምንት ዓመት ካቆያችሁት 30። መብራት ከውኃ በሚመጣበት አገር አሮጌውን ማቆየት ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ያዋጣል። "አዲሱ መብራት ይቆጥባል" የሚል አቅራቢ ሲመጣ ይህን ስሌት አሳዩት።

እኛ ዘንድ የ40 ላፕቶፕ ግዥ ታቅዶ ነበር። ምክንያቱ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መቆሙ ነው። 40ውን በ250 ኪሎ ብናሰላው 10 ቶን ነው፤ ጄኔሬተሩ ዓመቱን ሙሉ ካጨሰው ይበልጣል። ስለዚህ ሊተኩ የታሰቡትን 40 ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ ከፍቼ አየሁ። 26ቱ ዕድሜያቸው አልነበረም ችግሩ፤ ሃርድ ዲስካቸው ፈጣን በሆነው ማከማቻ፣ በኤስኤስዲ፣ ሲቀየርና ራም (የሥራ ማህደረ ትውስታ) ሲጨመርላቸው ቆመው ይሄዳሉ። ከእነሱ ውስጥ ዊንዶውስ 11 የማይቀበሉት 17 ናቸው። ደብዳቤ ለመጻፍና ድረ ገጽ ለመክፈት ብቻ ለሚያገለግሉት ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሥርዓተ ክወና ጫንኩ። አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለሁለት ቀን አኩርፋኝ ነበር፤ የግዕዝ ፊደል ኪቦርዱን ሳስተካክልላት ታረቅን። 14ቱ ግን የእውነት አልቆላቸዋል።

የገባበትን ቀን ከሞዴል 19 ላይ ስትመዘግቡ ወሩንም ጻፉ። እኔ ስጽፍ ያልጠበቅኩት ነገር ወጣ፦ ካለፉት አምስት ዓመታት የኮምፒውተር ግዥያችን ከግማሽ በላይ የሆነው የሰኔ ነው። በጀት ተመላሽ እንዳይሆን የተገዛ ማለት ነው። እነዚያ ስድስት ቶነሮችም የሰኔ ናቸው። ይህን ግራፍ አድርጌ ሳሳይ ፋይናንስ ኃላፊው ሳቁ፤ ያልካዱትም ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን መብራቱ። የካርቦን ድርሻው ትንሽ ነው ብዬ ተውት አላልኩም፤ የሚባክነው ኤሌክትሪክ ጄኔሬተር ሲነሣ ናፍጣ ይሆናል። ሶኬት ላይ የሚሰካ ዋት መለኪያ ተዋሱና ከእያንዳንዱ ዓይነት ሁለት ሁለት ለኩ፣ ሁሉንም መለካት አያስፈልግም። የእኛ አሮጌ ዴስክቶፕ ዝም ብሎ ሲቀመጥ 50 ዋት ገደማ፣ ስክሪኑ 20 ይወስዳል። ማታ ሳይጠፋ የሚያድረውን ለማወቅ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አንዴ ዙሩ። እኔ ስዞር 38 አግኝቻለሁ።

ሰርቨር ክፍሉን ግን ሳልስቅ መናገር አልችልም። ብርድ በታወቀበት ከተማ ኤርኮንዲሽነሩ በ16 ዲግሪ ተሞልቶ ዓመቱን ሙሉ ይሠራ ነበር። ውጭ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ እንኳ! የዘርፉ መመዘኛ ለሰርቨር የሚመክረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። 25 ላይ አድርጌ ሰርቨሩ አየር በሚስብበት ፊት ለፊት ቴርሞሜትር አንጠለጠልኩ፤ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ፤ ምንም አልሆነም። የክፍሉን ጠቅላላ ፍጆታ ለሰርቨሮቹና ለኔትዎርኩ ፍጆታ አካፍሉት። ውጤቱ ወደ 1 በቀረበ መጠን ብክነቱ ያነሰ ነው። የእኛ 1.9 ነበር፣ አሁን 1.5 ነው፤ የዓለም የዳታ ማዕከሎች አማካይ ወደ 1.6 ይጠጋል። የውጭ አየር በማራገቢያ እናስገባ ካላችሁ ማጣሪያ አድርጉለት፤ የበጋው አቧራ ሰርቨር ይገድላል።

ወረቀትን በአጭሩ፦ አንድ ደስታ ወረቀት 500 ቅጠል፣ 2.5 ኪሎ ነው፤ ከሞዴል 22 ላይ ደምሩት። ዲጂታል የደብዳቤ ሥርዓት ከገባ በኋላ ቀነሰ ብላችሁ ግን አትገምቱ። እኛ ጋ ደብዳቤው በሥርዓቱ ይመጣል፣ ይታተማል፣ ይመራበታል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ስካን ተደርጎ ተመልሶ ይገባል። ወረቀቱ በአራት በመቶ ጨምሯል።

ቪዲዮ ኮንፈረንስ ጉዞ አስቀርቷል የሚለውም እንደዚሁ መፈተሽ አለበት። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ በላንድክሩዘር 30 ሊትር ገደማ፣ ማለትም 80 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። እውነት ከቀረ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የስብሰባዎቹን ዝርዝር ከመኪና ስምሪቱ መዝገብ ጋር ሳመሳክር፣ በቪዲዮ ከተደረጉት ስብሰባዎች አብዛኞቹ ድሮም ማንም የማይሄድባቸው ናቸው። አበል ያለው ጉዞ አልቀረም።

ሪፖርቱ ሁለት ገጽ ይሁን። የለካችሁትን "ተለክቷል"፣ የገመታችሁትን "ተገምቷል" ብላችሁ ለዩ፤ "7.83 ቶን" ከማለት "ከ7 እስከ 8.5 ቶን" ማለት ይሻላል፣ ማንም በነጥብ አይይዛችሁም። ከየቁጥሩ ጎን የሚወስነውን ሰው ስም ሳይሆን የሥራ መደብ ጻፉ፦ ግዥ፣ ንብረት፣ ጠቅላላ አገልግሎት። እኔ የጠየቅኩት ሦስት ውሳኔ ብቻ ነው፦ የሰኔ የኮምፒውተር ግዥ ያለ አይሲቲ ምርመራ እንዳይፈረም፣ ባትሪና ስክሪን ፈቃድ ለሌለው ሰው እንዳይሸጥ፣ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ በጄኔሬተር ፈንታ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ኢንቨርተር እንዲያድር። የመጀመሪያው ጸድቋል፤ 40ው ላፕቶፕ 14 ሆነ። ሦስተኛው "በጀት ሲፈቀድ" ተብሏል። ሁለተኛው ጸድቆ ፈቃድ ያለው ወሳጅ ገና እየፈለግን ነው። ባትሪዎቹ እስከዚያ ድረስ ከሲሚንቶው ተነሥተው ሰፊ የፕላስቲክ ገበቴ ውስጥ ናቸው፤ ጋሼ በሩ ላይ በጥቁር ማርከር "57 ባትሪ፣ 131 ኪሎ፣ አይነካም" ብለው ለጥፈዋል።